አባቴን ማጓጓዝ

አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ በክረምት ጭቃ ሲንሸራተት፣ በጌሻ ቁልቁለት ፍሬን ሲከዳው አንድም ቀን አጥንቱ ተነክቶ አያውቅም። እግሩን የሰበረው ጡረታ ከወጣ በኋላ፣ ደካ ከተማ መሃል፣ ከቆመ ባጃጅ ሲወርድ ነው። ባጃጁ ቆሟል፣ ሞተሩም ጠፍቷል። አባቴ ግን ከትልቅ መኪና ጋቢና የሚወርድ መስሎት እግሩን ወደ ታች ወረወረ፤ መሬቱ ካሰበው ቦታ ቀድሞ ጠበቀው። ለጠያቂው ሁሉ «የመኪና አደጋ ነው» ይል ነበር። ምን ዓይነት መኪና ነው ብሎ የሚጨቀጭቀው ሲመጣ ደግሞ «ትንሽ መኪና ናት» ብሎ ወሬ ይለውጣል።

እኔ ቦንጋ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው የምሠራው። የደወለልኝ ከአባቴ ጋር ደካ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ነበር። ወንድም ጋሼ ክፉ ወሬ ሲኖረው ከሩቅ ዞሮ ነው የሚመጣው። መጀመሪያ ጤናዬን ጠየቀ፣ ቀጥሎ ሥራዬን፣ ቀጥሎ ቦንጋ ዘንቦ እንደሆነ። ስለ ዝናብ ሲጠይቀኝ ክፉ ነገር እንዳለ ገባኝ፤ አክስታችን ያረፈች ጊዜም ስለ ዝናብ ነበር የጀመረው። «አባዬ ሞተ?» አልኩት። «ኧረ ምን አልሽ አንቺ፣ እግሩ ብቻ ነው» አለኝ ተቆጥቶ፤ ሟርተኛዋ እኔ ሆንኩ።

ደካ ጤና ጣቢያ እግሩን በእንጨት አስደግፈው አሰሩለትና ራጅ እንዲነሳ ወደ ቦንጋ ሪፈር ጻፉለት። ጎረቤት ግን አንድ ጥሩ ወጌሻ አለ፣ ምን ያህል መንገድ ታንገላቱታላችሁ እያለ ወንድሜን ልቡን ከፈለው። ነገሩን የቆረጠው አባቴ ነው። «መኪናዬን እንኳ ለመንገድ ዳር መካኒክ ሰጥቼ አላውቅም» አለና አምቡላንሱ ውስጥ አስገቡኝ አለ።

የአምቡላንሱን ጉዞ ወንድሜ ነው የነገረኝ። አባቴ በጀርባው ተንጋሎ ከጣሪያው በቀር የሚያየው ነገር የለም። መንገዱን ግን በወገቡ ያውቀዋል። «አሁን ኩርባው ነው፣ ማርሽ ቀንስ» ይላል። «ድልድዩ ጋ ደርሰናል፣ ቀኝህን ያዝ» ይላል። ሾፌሩ ትዕግሥተኛ ሰው ስለነበር እሺ ጋሼ፣ እሺ ጋሼ እያለ የመንገዱን ግማሽ ነዳ። ኋላ ግን አንድ ዳገት ላይ ሲደርሱ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ዞሮ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢነዱት ይሻልዎታል?» ብሎ ጠየቀው።

ወንድሜ እንደሚለው አባቴ ነገሩን እንደ ቀልድ አላየውም። አሰበበት። ከዚያ «የተሰበረው እኮ ግራ እግሬ ነው» አለ፣ «ፍሪሲዮኑን በምን እረግጣለሁ?»

ሆስፒታሉ በር ላይ ስጠብቃቸው ከአምቡላንሱ መጀመሪያ የወረደው ወንድሜ ነበር፤ ከአባቴ ይልቅ እሱ የታመመ ይመስላል። በእጁ አንድ የተነፋ ፌስታል ይዟል። ከቤት ሲወጣ የአባዬን መድኃኒት እንዳይረሳ ብሎ መደርደሪያው ላይ ያለውን እንዳለ ጠርጎ ነው የመጣው። ክፍሉን የምትመራው ነርስ ጠና ያለች፣ ረጋ ያለች ሴት ነበረች፤ ሁላችንም ሲስተር እንላት ነበር። አባባ በየቀኑ የሚወስዱት መድኃኒት አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ወንድሜ ፌስታሉን አልጋው ላይ ዘረገፈው። ጊዜው ያለፈ የዓይን ቅባት፣ ስም የሌላቸው ክኒኖች፣ የሟች አክስታችን የጨጓራ ሽሮፕ። ሲስተር ከመሃል አንድ የጣት ውፍረት ያለው ክኒን አነሳችና ይሄስ ለምንድን ነው አለች።

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ። «እሱ... የላሟ ነው። የትል መድኃኒት ነው።»

«እኔም ጉሮሮዬ አልቻላትም ብዬ ነው የተውኳት» አለ አባቴ ከአልጋው ላይ፣ ቅር ሳይለው።

ሲስተር ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠች። ከዚያ የሚውጡት የትኛውን ነው ብላ አባቴን ጠየቀችው። «ነጯን» አለ። አልጋው ላይ ከተዘረገፈው ውስጥ ነጭ ያልሆነ ክኒን አልነበረም። በመጨረሻ ሲስተር ራሷ ደካ ጤና ጣቢያ ደውላ የደም ግፊት መድኃኒቱ የትኛው እንደሆነ አወቀች። አባቴም ሲጠየቅ፣ ነጯን የሚውጣት ራሱን ባመመው ቀን ብቻ እንደነበር ተናገረ። ሳያመው መዋጥ ማባከን ነው ብሎ ያምናል። ወንድሜም እኔም አብረነው በኖርንበት ዘመን ሁሉ ይህን አናውቅም ነበር።

እግሩ ከጉልበት በላይ ድረስ ጄሶ ተደረገለት። እብጠቱና ግፊቱ እስኪስተካከል ደግሞ ተኝቶ እንዲቆይ ተባለ። አጠገቡ ያለው አልጋ ላይ ከቢታ ገነት አካባቢ የመጡ፣ ሽበት የወረሳቸው ገበሬ ነበሩ። እኒህ ሰው አንድ ጠዋት ሙሉ አባቴን ሲያዩት አረፈዱ። ምሳ ሰዓት ላይ፣ «ቀይ መኪና ነበረህ?» አሉት።

«ነበረኝ» አለ አባቴ ኮራ ብሎ።

«ከነፍየሌ ዝናብ ላይ ያወረድከኝ አንተ ነህ።»

አባቴ መኪናውን እንጂ ሰው አያስታውስም ብዬ ነበር። ፍየሏን ግን ወዲያው አስታወሳት። ሰውዬው ወጣት ሳሉ ፍየላቸውን ይዘው በቡና ጆንያ ላይ ተጭነው ይሄዱ ነበር፤ ፍየሏ የሸራውን ጠርዝ በላችው፤ አባቴም መኪና አቁሞ ሁለቱንም አወረዳቸው። እዚህ ድረስ ሁለቱም ይስማማሉ። የማይስማሙት ዝናቡ ላይ ነው። ሰውዬው እየዘነበ አወረድከኝ ይላሉ፤ አባቴ ሳወርድህ አባርቶ ነበር፣ ከወረድክ በኋላ ቢዘንብ እኔ ምን ላድርግ ይላል። ክርክሩ ሲግል ሰውዬው አማርኛውን ትተው በአካባቢው ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ይቀጥላሉ። አባቴም በመንገድ ላይ በለቃቀመው ካፊኖኖ ይመልሳል፤ እኔ የምከታተለው በእጃቸው አወራወር ነበር። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። አስታማሚዎች ጭምር፣ ምግብ ይዘው ሲገቡ፣ ዛሬስ ዘንቧል ወይስ አባርቷል እያሉ ይጠይቁ ጀመር። እኔ ከቤት የማመጣውን ሾርባ አባቴ ለሰውዬው ያካፍላል፤ እሳቸውም ልጃቸው የምታመጣላቸውን ቆጮ ያካፍሉታል። አፋቸው እንደሞላ ይጨቃጨቃሉ።

ከዚያ ሲስተር ነገ መውጣት ይችላሉ አለችን። እኔና ወንድሜ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ኮሪደሩ ላይ ተቃቀፍን፤ እዚያው ኮሪደር ላይ ደግሞ ተጣላን። እሱ ወደ ደካ ልውሰደው ይላል፤ ቤቱ ነው፣ ጎረቤቱ አለ፣ ሰው ይጠይቀዋል። እኔ እኔ ጋ ይሁን እላለሁ፤ እግሩ ቢያብጥስ፣ ለቀጠሮው ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ይመላለሳል? እሱ፣ አንቺ ቀን ቢሮ ነሽ አለኝ። እኔ፣ አንተ የላም መድኃኒት ታስውጠዋለህ አልኩት። ያ ክፉኛ አመመው። ሲስተር በአጠገባችን ስታልፍ ቆማ አዳመጠችንና፣ «እሳቸውን ጠየቃችኋቸው?» አለች።

 ማናችንም አልጠየቅነውም። ስለ አባታችን የተነጋገርነው የት ይራገፍ እንደሚባል ጭነት ነበር።

ገብተን ጠየቅነው። አባቴ ወደ ጎረቤቱ አልጋ አየት አድርጎ «እዚሁ ብቆይስ?» አለ። የዝናቡ ነገር ገና አልተቋጨም ነበር። አይቻልም ስንለው ግን አሁንም እንደ ልማዱ በመንገድ አሰበው፤ መጀመሪያ ቦንጋ፣ ጄሶው ሲወልቅ ደካ፤ ሁለት ጊዜ ከመውጣትና ከመውረድ አንድ ጊዜ ይሻላል አለ። እኛ ኮሪደር ላይ ግማሽ ቀን ያጣነውን ነገር እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው።

ሲስተር ቀጥላ እኔን ለብቻ ወሰደችኝና መጠየቅ ጀመረች። ቤትሽ ደረጃ አለው? አልጋው ቁመቱ ምን ያህል ነው? ቀን አብሮት የሚውል ማን አለ? ከዚያም ምንም ሳታፍር ሽንት ቤታችሁ የት ነው አለችኝ። በሆዴ ተቀየምኩ፤ ስለ ድህነታችን የምትመረምረኝ መሰለኝ። ጓሮ ነው አልኳት አጠር አድርጌ። ቁጢጥ ብለው ነው የሚጠቀሙበት? አለች። ያኔ ነው የገባኝ። እኔ አዲስ አንሶላ ገዝቻለሁ፣ ለሾርባ የሚሆን ዶሮ አዝዣለሁ፣ መጋረጃ ሳይቀር አጥቤያለሁ። እግሩ እንደ ሙቀጫ ዘነዘና የተገተረ ሽማግሌ፣ ከተከራዮች ጋር በምንጋራው፣ ቁልቁል ወርደን በምንደርስበት ሽንት ቤት እንዴት ቁጢጥ እንደሚል አንድም ጊዜ አላሰብኩም። ሲስተር፣ ወንበር መሃሉን በአናጺ አስበሺና ከሥሩ ባልዲ አድርጊ አለችኝ። የእግሩ ጣቶች ከቀዘቀዙ ወይ ከጠቆሩ፣ ሕመሙ ከባሰ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ይዘሽው ነይ አለችኝ። ሁለቴ አስደገመችኝ።

ከዚያ በክራንች እንዴት እንደሚነሳና እንደሚቀመጥ ልታለማምደን ፈለገች። አባባን አናድክማቸው ብላ ወንድሜን በሽተኛ ሁን አለችው። ወንድም ጋሼ ግዙፍ ሰው ነው። ባዶ አልጋ ላይ ተጋደመና በሽተኛ የሆነው ከልቡ ነበር፤ ገና ሳልነካው አቃሰተ፣ ዓይኑን ገለበጠ፣ ሙሉ ክብደቱን ትከሻዬ ላይ ጣለው። እኔ ተንገዳገድኩ፣ ክራንቹ ተንሸራተተ፣ ሁለታችንም አልጋው ላይ ተዘረገፍን። ክፍሉ በሙሉ በሳቅ ተናወጠ። የቢታ ገነቱ ሰውዬ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። አባቴ ግን አንገቱን ነቀነቀና «ጭነቱ ወደ አንድ ጎን አድልቷል» አለ። ሲስተር እጄን የት እንደማደርግ፣ ጤነኛው እግር እንዴት እንደሚቀድም ደጋግማ አሳየችን። ኋላ ላይ አባቴን ራሱን ስናነሳው ወንድሜን ከማንሳት በብዙ ቀለለን።

የወጣን ዕለት አባቴና ሰውዬው እጅ ተጨባብጠው ቆዩ። ሰውዬው በመጨረሻ ምናልባት ካፊያ ብቻ ነበር ይሆናል አሉ። አባቴም እኔም ምናልባት ትንሽ ልታገሥ እችል ነበር አለ። ከዚያ አልፈው አልሄዱም።

ቤቴ ያለው ዳገት ላይ ነው። በሚኒባስ እስከ በሩ አደረስነውና ወንድሜና አንድ ጎረቤቴ በወንበር ተሸክመው ሊያስገቡት ሞከሩ። ጄሶ ያለው እግር ፊት ፊት ተገትሮ ስለሚሄድ በሩን አለፈ፤ ከበሩ ወደ መኝታ ቤቱ የሚታጠፈውን ጠባብ መተላለፊያ ግን አልታጠፍ አለ። ወንድሜ ወደ ግራ ይለዋል፣ ጎረቤቴ ወደ ቀኝ፤ አባቴ መሃል ላይ እንደ ታቦት ከፍ ብሎ ቆሟል። «ተሳቢ ያለው መኪና እንዲህ አይታጠፍም» አላቸው። «ወደ ውጭ አውጡኝ። አሁን አዙሩኝ። በኋላ ማርሽ አስገቡኝ።» ወጥተው፣ አዙረው፣ በጀርባው በኩል አስገቡት። እግሩ መጨረሻ ላይ ገባና ነገሩ ሁሉ ቀና። ጎረቤቴ ላቡን እየጠረገ፣ መንጃ ፈቃዳቸው ገና አላለቀም አለ።

ወንድሜ ወደ ደካ ተመለሰ፤ እኔና አባቴ ቀረን። ቀን ቀን የጎረቤቴ ሚስት ብቅ እያለች ታየዋለች፤ እኔም ለምሳ እመጣለሁ። አናጺው መሃሏ የተቦረቦረ ወንበር ሠርቶልኛል። አባቴ ወንበሯን ባየ ቁጥር ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እናታችን ከሞተች በኋላ ብቻውን ያሳደገኝ ሰው፣ ከልጁ ፊት እንዲህ ባለ ዕቃ ላይ ሊቀመጥ ነው። እኔም አፍሬያለሁ፤ ማፈሬን እንዳያውቅ ደግሞ ጮክ ብዬ አወራለሁ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሆነን ከቆየን በኋላ ትኩስ ነገር የምተውለት ፔርሙዝ እንደሞላ፣ የውኃው ማሰሮም ሳይጎድል እንደሚውል ልብ አልኩ። አባቴ መሽናት እንዳይመጣበት ብሎ መጠጣት ትቷል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል።

አጠገቡ ተቀመጥኩ።  «አባዬ፣ እኔን ማን አጠበኝ?» አልኩት።

«እኔ ነኛ» አለ። ቀጠለና፣ «ወንዝ ዳር፣ በመኪና ማጠቢያ ሳሙና» አለ። «ቆዳሽን አስቆጣው። እናትሽ ብትኖር ትገድለኝ ነበር።»

«እና?»

«አንቺ ትንሽ ነበርሽ። እኔ ሙሉ ጭነት ነኝ።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ውስጥ እኔ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ተደራደርን። አባቴ ሁለት ነገር ጠየቀ፤ ደግፌ ካስቀመጥኩት በኋላ ከክፍሉ እንድወጣ፣ ደግሞም ሬዲዮው በኃይል እንዲከፈት። ተስማማሁ። ከጓዳ ሲፈልገኝ መጮህ ስለማይወድ በስልክ ሚስኮል ያደርግልኛል፤ አንድ ጊዜ ከሆነ ውኃ፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ሬዲዮ።

ችግሩ ቢሮ ስሆንም ያደርገዋል። ለጎረቤቴ ሚስት ወንበሯን አላሳይም ብሏል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ አለቃችን ስለ ሩብ ዓመቱ ዕቅድ ሲያስረዱ ስልኬ ጠረጴዛው ላይ አንዴ ነዘረ፤ ሁሉም አየኝ፤ ቆየና ደገመው። ብድግ አልኩ። አለቃችን ምን ሆነሽ ነው ሲሉኝ ደንግጬ፣ ሬዲዮ ልከፍት ነው አልኩ። ሮጬ ወጣሁ። ስመለስ ማብራራት ነበረብኝ፤ ካብራራሁ በኋላ ደግሞ ስልኬ ሁለት ጊዜ በነዘረ ቁጥር የቢሮው ሰው ሁሉ በአንድ ድምፅ ሂጂ ሂጂ ይለኝ ጀመር። ከአጥር ወዲያ ያሉት ተከራይ ግን ምሥጢሩን ሳያውቁ ኖሩ። እትዬ፣ አባትሽ ዜና እንዲህ ይወዳሉ እንዴ፣ ምን ዓይነት ለአገር አሳቢ ሰው ናቸው ይሉኝ ነበር።

ጄሶው የተቆረጠ ዕለት አባቴ የመጋዙን ድምፅ ሲሰማ ዓይኑን ጨፈነ። ጄሶው ተከፍቶ እግሩ ሲወጣ ቀጥኗል፣ ገርጥቷል፣ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። አባቴ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን አየና ይሄ የእኔ አይደለም፣ ከሌላ ሰው ጋ ተቀያይሯል አለ። ባለሙያው የእርስዎ ነው፣ በእንቅስቃሴ ይመለሳል ቢለው፣ አሮጌ ጎማ ሰጥታችሁኛል ብሎ ደመደመ።

አሁን ወደ ደካ መመለሱ ነው። በዚህኛው ጉዞ እንኳ እንደ መጀመሪያው በአንሶላ አልተሞኘሁም። ቀድሜ ለወንድሜ ደወልኩና ስለ አልጋው ቁመት፣ ስለ ደጃፉ ጭቃ፣ ስለ ጓሮው ጠየቅሁት። እኔ ሲስተር ላይ እንደተቀየምኩት እሱም እኔን ተቀየመኝ፤ ይህን ያህል ዘመን የት ሲኖር ነበር አለኝ። ቀን ሳያልፍ ግን ደውሎ፣ ከደጃፉ እስከ ጓሮው በእጅ የሚያዝ አጥር ሠርቻለሁ አለኝ። ደካ ጤና ጣቢያም አባቴ እንደሚመለስና ክትትሉን እዚያው እንደሚቀጥል ነገርኩ። የግፊት ክኒኑን ከሌላው ለይቼ በራሱ ጠርሙስ አደረግሁት፤ ሳያመውም በየቀኑ እንደሚውጠው አባቴን ሦስቴ አስማልኩት።

ሚኒባሱ ላይ የፊት ወንበር አስይዤለታለሁ፤ እግሩን መዘርጋት አለበት። ከኋላው ተቀምጬ ምክር ማዝነብ የሚጀምረው የትኛው ኩርባ ላይ ይሆን እያልኩ በሆዴ ለሾፌሩ ይቅርታ እያዘጋጀሁ ነበር። ከቦንጋ ወጣን፤ ምንም አላለም። የመጀመሪያውን ቁልቁለት ወረድን፤ ዝም። ጉሙ ከጫካው ላይ ተነስቶ መንገዱን ሲያለብሰውም ዝም። ያመመው መሰለኝ። ጎንበስ ብዬ አባዬ ምን ሆንክ አልኩት።

አባቴ ፊቱን ከመስኮቱ ሳያነሳ «ይሄን ሁሉ ዛፍ መች ተከሉት?» አለ።

ሾፌሩ ገረመው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጥንት ጫካ ነው። ከአያቶቻችን ጀምሮ ያለ ነው።»

አባቴ አላመነውም። በዚህ መንገድ ፀጉሩ እስኪሸብት ተመላልሷል፤ ሲመላለስ ግን ያየው መንገዱን ብቻ ነበር። እስከ ደካ ድረስ እንደ ሕፃን መስኮት ላይ ተለጥፎ ሄደ፤ አንዳንዴ በጣቱ እያሳየ፣ አያችሁት ያንን ይለናል። ሾፌሩ አንድ ጉድጓድ ላይ ክፉኛ ሲያነጥረን እንኳ አልተቆጣም።

ደካ ስንደርስ ወንድሜ ደጃፉ ላይ ቆሞ ይጠብቀን ነበር። አልጋውን በጡብ ከፍ አድርጎታል፤ አጥሩ ጠንካራ ነው፤ ጓሮ ያለችው ወንበር ደግሞ ከእኔዋ በጣም ታምራለች፣ መደገፊያ ሳይቀር አላት። አባቴ ዞር ዞር ብሎ በክራንቹ ጫፍ ሁሉንም እየነካካ መረመረና ያልፋል አለ። የሚዋጠውን፣ የሚታየውን፣ የሚያስፈራውን ሁሉ ለወንድሜ አስረከብኩት፤ እሱም ሲስተር እንዳስደገመችኝ ደገመልኝ።

የሳምንቱን መጨረሻ እዚያው ቆየሁ። ልመለስ ስል አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ነበር። ወንድሜ ሊያስገባው መጣና ከተሳሳተው ጎን ያዘው። «በዚያ አይደለም» አለ አባቴ። ወንድሜ በሌላው ጎን ዞረ፤ እጁን ግን አላግባብ አደረገ። «ዝቅ አድርገው። አዎ። አሁን ቀስ ብለህ ልቀቅ።» ተንገዳገዱ፣ ቆሙ፣ ሁለቱም ተነፈሱ፣ ደግመው ሞከሩ። ላግዛቸው ብድግ ብዬ ነበር። ሲሄዱ አየሁና ተመልሼ ተቀመጥኩ።